ጂምናዚየም ምርጫ ሲመጣ «ናቱር ካልሆነ» አንበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ማነበው እዚህ ስቶክሆልም ሆኜ በስልኬ ነው፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ስለምሰራ ሽማግሌዎቹ ተኝተው ኮሪደሩ ጸጥ ሲል አንድ ሁለት ገጽ ሳላነብ አይነጋም። ዛሬ ግን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ጃንዋሪ ገብቷል፣ እዚህ አገር ደሞ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ማለት 9ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሚመርጥበት ወቅት ነው፣ በየሃበሻው ቤት አሁን «ናቱር (የተፈጥሮ ሳይንስ) ካልሆነ አይሆንም» እየተባለ እንደሆነ አውቀዋለሁ ምክንያቱም የዛሬ 4 ዓመት እኔም ቤት ተብሏል፣ ያልኩትም እኔው ራሴ ነኝ።

አገር ቤት ላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። እዚህ እስከ 9ኛ ክፍል ግዴታ ነው፣ ከዛ ጂምናዚየም ሚባል 3 ዓመት አለ፣ ስፖርት ቤት ማለት አይደለም፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ ስዊድኖቹ ሲጠሩት «ይምናሲየት» ይላሉ። በህግ ግዴታ ባይሆንም ያልጨረሰ ልጅን ማንም ስለማይቀጥረው ሁሉም ይገባል ማለት ይቻላል። ክፍያ የለም፣ ምሳ አብዛኛው ትምህርት ቤት በነጻ ያበላል፣ ቤትህ ከትምህርት ቤቱ 6 ኪሎሜትርና ከዛ በላይ ከራቀ ማዘጋጃ ቤቱ የመመላለሻውን ይሸፍናል፣ ልጁ 16 ከሞላ በኋላ ደሞ ሴኤስኤን ከሚባለው የተማሪዎች ድጎማ መስሪያ ቤት በዓመት 10 ወር 1,250 ክሮነር በየወሩ ይገባል። አገር ቤት ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ እውነትም ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ልዩነት ግን ልጁ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ፕሮግራም መምረጡ ነው። ከ2011 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጠቅሰው) ያለው አከፋፈል 18 ብሄራዊ ፕሮግራም ነው፣ 6ቱ ለዩኒቨርሲቲ ሚያዘጋጁ፣ 12ቱ የሙያ። ለዩኒቨርሲቲ ሚያዘጋጁት ናቱር ሚሉት የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ቴክኒክ፣ ኢኮኖሚ፣ የህብረተሰብ ሳይንስ፣ ኪነጥበብና ሂውማኒቲስ ናቸው። የሙያዎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ፣ ግንባታ አለ፣ መኪናና ትራንስፖርት፣ የቧንቧና የማሞቂያ፣ የጤና እንክብካቤ፣ የህጻናት፣ የምግብ፣ የሆቴል፣ የፋብሪካ ቴክኒክ፣ የእርሻና የእንስሳት፣ ብቻ ብዙ ነው። 15 ዓመቱ የሆነ ልጅ ይሄን ሁሉ ዘርዝረው ፊቱ ያስቀምጡለትና ምረጥ ይሉታል፣ እሱ ደሞ ወደኛ ያያል፣ እኛ ደሞ ወዴት እንደምናይ ልንገራችሁ፣ ወደ አገር ቤት ነው ምናየው።

እኔ 10ኛ ክፍል የተፈተንኩት ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ እየገባ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ በሚላክበት ግዜ ነው። ፕሪፓራቶሪ የገባውም ቢሆን ናቹራል ከሆነ ጎበዝ፣ ሶሻል ከሆነ «ሒሳብ አይሆንለትም» ይባል ነበር። ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጅ እናቱ ለጎረቤት ስትናገር ድምጿን ዝቅ አርጋ ነው፣ ይሄ ነገር ሻንጣችን ውስጥ ሳናውቀው ገብቶ አብሮን አርላንዳ ኤርፖርት አርፏል። ናቱር ሚለው ስም ራሱ ከኛ ናቹራል ጋ ስለሚገጥም ይመስለኛል ሃበሻ ወላጅ ሁሉ እሱ ላይ ሙጭጭ ሚለው። ደሞ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም፣ ናቱር እውነትም ብዙ በር ይከፍታል፣ ሃኪም መሆን ሚፈልግ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም ከፍ ያለው ሒሳብም ያስፈልገዋል፣ እሱን በአንድ ላይ ሚሰጠው ናቱር ነው። በሩ ሚከፈተው ግን ልጁ ካለፈ ነው እንጂ ስለተመዘገበ አይደለም።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። የዛሬ 4 ዓመት አንድ ማታ ትልቁ ልጄ ላፕቶፑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ምርጫውን በቅደም ተከተል እየደረደረ ነው፣ እኔ ከጀርባው ሽንኩርት አቁላላለሁ። ዞር ስል 1ኛ ላይ «ኤል ኦክ ኤኔርጊ» ሚል አየሁ። ይሄ ምንድነው አልኩት፣ «ኤሌክትሪክ ነው ማሚ፣ ትምህርት ቤቱን ሄጄ አየሁት፣ ወርክሾፓቸው በጣም ያምራል» አለኝ። ማማሰያውን አስቀምጬ «እኔ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ሳገላብጥ ማድረው አንተ ሽቦ እንድትጎትት ነው?» አልኩት። አንድም ቃል አልመለሰልኝም፣ ናቱርን በጣቱ ጎትቶ 1ኛ ላይ አወጣው፣ ኤልን ከነጭራሹ አጠፋው፣ እራት ሲቀርብ አልራበኝም ብሎ ክፍሉ ገባ። እኔ የዛን ቀን ልጄን ያዳንኩት ነበር ሚመስለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ተንበርክኬ አመስግኛለሁ።

ኦገስት ላይ ገባ። የመጀመሪያው ወር ምንም አልነበረም፣ ኦክቶበር ላይ ሒሳብ ፈተና F አመጣ፣ እዚህ ማርክ ከA እስከ F ነው፣ F ማለት አላለፈም። ናቱሮች ሚማሩት ሒሳብ 1c፣ 2c፣ 3c እያለ ሚሄድ ጠንከር ያለው ነው፣ የሙያዎቹ 1a ሚባለውን ነው ሚጀምሩት። ልጄ ሒሳብ ሰነፍ አልነበረም፣ 9ኛን ሲጨርስ ደህና ነበር፣ ግን ፍጥነቱ አልሆነለትም፣ ፊዚክሱም ተከተለ፣ ከዛ አንድ አንድ ክፍለ ግዜ መቅረት ጀመረ፣ ከዛ ሙሉ ቀን። ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል እኔ ከሌሊት ስራ ገብቼ ስለምተኛ ምንም አላውቅም፣ ያወቅኩት ከሴኤስኤን ደብዳቤ ሲመጣ ነው፣ ያለ ፈቃድ ስለቀረ ብሩ ተቋርጧል ይላል። የት እየዋለ እንደነበር ስጠይቀው «ቤተ መጻሕፍት» አለኝ፣ ውሸት መስሎኝ ሄጄ ጠየቅኩ፣ እውነቱን ነው፣ ኤሌክትሪክ ሚል መደርደሪያ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነው ሚቀመጠው አሉኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ በረዶ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ፌብሩዋሪ ላይ እሱም እኔም ትምህርት ቤቱ ካለችው አማካሪ ጋ ገባን። እዚህ በየትምህርት ቤቱ የትምህርትና የሙያ አማካሪ አለ፣ ባጭሩ «ሲቭ» ይሏቸዋል፣ ተማሪው እነሱን ማግኘት መብቱ ነው። ሴትየዋ ወቀሳ የለ ምን የለ ወረቀት አወጣችና 3 ዓመቱን በሙሉ ስላ አሳየችኝ፣ የናቱሩ ጠቅላላ 2,500 ነጥብ ነው፣ የትኛው ኮርስ ስንት ነጥብ እንደሆነ፣ ከናቱር ወጥቶ ኤሌክትሪክ ቢገባ የትኛው እንደሚቆጠርለት የትኛው እንደማይቆጠርለት አንድ በአንድ። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ይሄን ወረቀት አይቼው አላውቅም ነበር! ልጄን አንድ ፕሮግራም ውስጥ አስገድጄ ሳስገባው ውስጡ ምን እንዳለ አንዴም አልጠየቅኩም። በድጋሚ አመለከተ፣ በ2023 መኸር ኤሌክትሪክን ከ1ኛ ዓመት ጀመረ፣ አንድ ዓመት ሄደበት።

አገር ቤት ስደውል እናቴ «እና ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ፣ ኤሌክትሪሺያን ስላት መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አጎቴ ደሞ ስልኩን ተቀብሎ «ለዚህ ነው እንዴ ስዊድን ድረስ የሄዳችሁት?» አለኝ። ጋሼ ትልቅ ሰው ነው አልመለስኩለትም፣ ግን እዚህ ልጻፈው፣ ስዊድኖቹ ራሳቸው በ1954 አዲስ አበባ መጥተው ከኛ መንግስት ጋ ሆነው የኢትዮ ስዊድን የህንጻ ቴክኖሎጂ ተቋምን ከፍተዋል፣ ልደታ ጋ ያለው ህንጻ ኮሌጅ ምንለው ማለት ነው። እዛ ተምሮ የወጣ ሰው በሰፈር እንዴት ይከበር እንደነበር ትልልቆቹ ከኔ በላይ ያውቃሉ። እጅ ስራን የማክበር ነገር ከኛም ጋ ነበር፣ በኋላ ነው ፈተና የወደቀ ሚላክበት ቦታ ያረግነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ፣ ስሰካው ፊውዙ ይቃጠላል፣ በእያንዳንዱ በዓል ዋዜማ ጨለማ ውስጥ ነን፣ ለ2 ዓመት ፊውዝ እየገዛሁ ስቀይር ኖርኩ። ልጄ ኤል በገባ በ3ተኛው ወር ምጣዱን ገልብጦ ከስር የተለጠፈውን አነበበ፣ ከዛ እንጀራ ማስቀምጥበትን ወረቀት አንስቶ ጻፈልኝ፣ «ማሚ ይሄ መስመር 10 አምፔር ነው፣ 10 በ230 ቮልት ስታባዢው 2,300 ዋት፣ ምጣድሽ ግን 3,500 ነው፣ ለ230 ስታካፍይው 15 ምናምን አምፔር ይጎትታል፣ ሽቦው እየጋለ ነው ማለት ነው ቤቱን ልታቃጥይው ትችያለሽ።» በል አስተካክለው ስለው «አልነካውም» አለኝ። እዚህ አገር የግድግዳ ውስጥ መስመር መንካት ሚችለው የተመዘገበ ድርጅት ነው፣ ተማሪ ብቻውን አይነካም፣ ህግ ነው ብሎ እንቢ አለኝ። የቤቱን ባለቤት አነጋግረን ድርጅት መጥቶ ለብቻው 16 አምፔር መስመር ዘረጋልኝ፣ ልጄ አጠገባቸው ቆሞ ጥያቄ እየጠየቀ። ሒሳብ አይሆንለትም የተባለው ልጅ እኮ ነው! ያቺን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፌያታለሁ።

በሙያ ፕሮግራም ከ3ቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 15 ሳምንት እውነተኛ ስራ ቦታ ነው ሚያሳልፉት፣ ልጆቹ ፕራክቲክ ይሉታል። ከፈለጉ ደሞ ግማሹንና ከዛ በላይ ስራ ቦታ ሆነው ሚማሩበት የተለማማጅ መንገድም አለ። ልጄ ከፕራክቲክ ሲመለስ ከባድ የደህንነት ጫማውን በር ላይ አውልቆ «ዛሬ የአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሙሉውን መብራት አበራን» ሚለኝን ስሰማ ናቱር እያለ ጠዋት ጠዋት ፊቱ እንዴት እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ብዙ ወላጅ ሚፈራው «ሙያ ከገባ ዩኒቨርሲቲ ቀረ» ብሎ ነው። ይሄ ፍርሃት መሰረት ነበረው፣ በ2011 ለውጡ ሲመጣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሚያስፈልጉትን ኮርሶች ከሙያ ፕሮግራሞች መደበኛ ትምህርት ውስጥ አወጧቸው፣ ልጁ ራሱ ጠይቆ ካልጨመረ በስተቀር አያገኛቸውም ነበር፣ ያላወቀ ቤተሰብ ደሞ አልጠየቀም። ከ2023 መኸር ጀምሮ ግን መልሰው ከመጀመሪያው አስገቧቸው፣ አልፈልግም ያለ ነው ሚተወው። ስለዚ ልጃችሁ «ይሄን ኮርስ ልተወው፣ ለቀቅ ይለኛል» ብሎ ሚፈረም ወረቀት ካመጣላችሁ ቆም ብላችሁ ምን እንደሆነ አንብቡት። ኮርሶቹን ቢወስድ ግን ሚያገኘው መሰረታዊውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነው፣ ኢንጂነሪንግ ወይ ህክምና ከተፈለገ ተጨማሪ ሒሳብና ሳይንስ ያስፈልጋል፣ እሱም ኮምቩክስ በሚባለው የአዋቂዎች ትምህርት ወይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጋ ባለው የመሰናዶ ዓመት ሊሞላ ይችላል። 20 ዓመት ላይ ሃሳቡን የቀየረ ልጅ እዚህ አገር ሁለተኛ እድል አለው፣ እኔ ራሴ አሁን ምሰራበትን ሙያ 30 ካለፈኝ በኋላ ኮምቩክስ ነው የተማርኩት።

ግን አንድ ወገን ብቻ እንዳላወራ። ልጆቻችንን ሚገፉት እኛ ብቻ አይደለንም። ልጄ፣ ትንሿ፣ ዘንድሮ 9ኛ ናት፣ ማርኳ ጥሩ ነው፣ ቴክኒክ ነው ምፈልገው ትላለች፣ ድልድይ ሚባል ነገር ካየች ቆማ ፎቶ ታነሳለች። በመኸር ትምህርት ቤቷ ውስጥ ያለ አማካሪ ጋ ቀጠሮ ነበራት፣ ተመልሳ መጣችና «የጤና እንክብካቤ ለኔ እንደሚሆን ነገረኝ፣ ሁሌም ስራ አለው አለኝ» አለችኝ። ማርክሽን አይቶ ነው? አላየም። ምን እንደምትወጂ ጠየቀሽ? አልጠየቀም። እኔ እንግዲህ የጤና እንክብካቤ ሰራተኛ ነኝ፣ ሙያዬን አከብረዋለሁ፣ ከ2023 ጁላይ ወዲህ እኮ ስሙ በህግ የተጠበቀ ነው፣ ማንም ዝም ብሎ ተነስቶ ረዳት ነርስ ነኝ ማለት አይችልም። ያናደደኝ ሙያው አይደለም። ልጅቷ ሳትናገር ከስሟና ከመልኳ ተነስቶ መንገዷን መቁረጡ ነው። ለራሴ ቀጠሮ ያዝኩ፣ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ አልኩ፣ ስዊድንኛ እችላለሁ ግን ስናደድ ቃል ይጠፋኛል፣ እና ቁጭ ብለን ማርኳን አንድ በአንድ እንዲያይ ጠየቅኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ሲያይ ራሱ ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ይሄን ደሞ መናገር አለብኝ።

እኔ ልጄን በጉልበት ሙያ እንዳይገባ ስከለክል፣ እሱ ደሞ ሌላዋን ልጄን በግምት ሙያ ውስጥ ሲያስገባ፣ የሰራነው ስህተት አንድ ነው፣ ሁለታችንም ልጁን አልጠየቅነውም።

ስለ ጂምናዚየም መግቢያ ነጥቡ ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ አይገባውም። የ9ኛ ክፍል ጥሩ ጥሩዎቹ 16 ማርኮች ይደመራሉ፣ A 20፣ B 17.5፣ C 15፣ D 12.5፣ E 10፣ F ዜሮ፣ ስለዚ ጣሪያው 320 ነው፣ ሌላ የውጭ ቋንቋ የተማረ ደሞ 17ኛ ተጨምሮለት እስከ 340 ይሄዳል። ከነጥቡ በፊት ግን ማለፍ ያለበት አለ፣ ለሙያ ፕሮግራም ስዊድንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሌላ 5 ትምህርት ማለፍ፣ ለዩኒቨርሲቲ ሚያዘጋጁት በጠቅላላው 12፣ ናቱርና ቴክኒክ ከሆነ ከ12ቱ ውስጥ ፊዚክስ ኬሚስትሪ ባዮሎጂ መኖር አለባቸው። እና ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ አማርኛም ይቆጠራል! የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ቢያንስ 5 ልጅ ካለና አስተማሪ ከተገኘ ይሰጣል፣ ማርኩም ከ16ቱ አንዱ ሆኖ ሊገባ ይችላል። «አማርኛ ምን ያረግለታል ስዊድንኛውን ይማር» እያልን ምናስቀር ወላጆች አለን፣ ልጄ አማርኛ A ስታመጣ 20 ነጥብ ነው ያመጣችው፣ ደሞ ከአያቷ ጋ ያለ አስተርጓሚ ታወራለች።

አሁን ሚከብደኝን ልጻፍ። ጎረቤቴ ብዙ ዓመት ጠብቃ ልጇን አመጣችው፣ 17 ዓመቱ ላይ፣ አገር ቤት 10ኛ ጨርሶ የመጣ ሹል ልጅ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ቀጥታ ፕሮግራም አይገባም፣ «ስፕሮክ ኢንትሮዱክሹን» ሚባል የቋንቋ መግቢያ ውስጥ ነው ሚቀመጠው፣ እዛ ሆኖ ስዊድንኛውንም ሌሎቹንም ትምህርቶች እያለፈ ቢያንስ ለሙያ ሚያስፈልጉትን 8 ትምህርቶች ሲሞላ ነው ብሄራዊ ፕሮግራም ሚገባው። እና ሰዓት አለ፣ ጂምናዚየም መጀመር ሚቻለው 20 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት የመጀመሪያ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው። ልጁ ሒሳብና እንግሊዝኛ ወዲያው አለፈ፣ ስዊድንኛው ግን አልደረሰም፣ ጥቂት ሲቀረው ሰዓቱ አለቀበት። አሁን ኮምቩክስ ነው፣ ይጨርሳል፣ ግን እኩዮቹ ጋ ሆኖ በአንድ ክፍል መማሩ፣ ፕራክቲኩ፣ ክፍል ውስጥ ስሙን ሚያውቅ አስተማሪው፣ እሱ ሁሉ ቀረ። እናትየዋ እስከመጨረሻው ድረስ ሰዓት እንዳለው ማንም አልነገራትም፣ ወይ ነግረዋት ወረቀቱ በስዊድንኛ ስለነበር አልገባትም። ስለዚ ልጅ ልታመጡ ምትጠብቁ ወላጆች፣ ወረቀቱ እንዳለቀ አትቆዩ፣ አንድ ዓመት ማለት እዚህ ብዙ ነው፣ አገር ቤት ያሉትም ዘመዶች የልጁን ትራንስክሪፕት ሰብስበው አስተርጉመው ይላኩት። እዚህ ሲደርስ ደሞ ያለው እውቀት በሚያውቀው ቋንቋ ይመዘንለት፣ የግል የትምህርት እቅድ በጽሁፍ አለው፣ እሱን አሳዩኝ በሉ፣ ትምህርቱን በአማርኛ ወይ በትግርኛ ሚያግዘው አስጠኚ ጠይቁ፣ ጥቂት ማርክ ብቻ የጎደለው ልጅ ሙያውን እየጀመረ ጎን ለጎን የጎደለውን ሚያሟላበት የመግቢያ መንገድም አለ፣ እሱንም ጠይቁ።

አሁን ያለው ግዜ ምን ይመስላል ለሚል፣ እኛ ስቶክሆልም አካባቢ ምርጫው ጃንዋሪ ላይ ተከፍቶ ፌብሩዋሪ ላይ ይዘጋል፣ ኤፕሪል ላይ ግዜያዊ መልስ ይመጣል፣ ከዛ እስከ ሜይ ድረስ መቀየር ይቻላል፣ የመጨረሻው ሚመጣው ጁላይ መግቢያ ላይ ነው፣ ሌላ ከተማ ያላችሁ የራሳችሁን ማዘጋጃ ቤት ቀን እዩ። ልጃችሁ በእውነት ሚፈልገውን 1ኛ ላይ ቢያስቀምጥ 2ተኛ ላይ ያለው እድሉ አይቀንስም፣ ሚወዳደረው በነጥቡ ነው፣ «1ኛ ላይ ካላስቀመጥከው አይቀበሉህም» ሚባለው ውሸት ነው። ምርጫው ከመዘጋቱ በፊት በራቸውን ለጎብኚ ሚከፍቱበት ቀን አለ፣ ሂዱ፣ እኔ ለመጀመሪያው ልጄ አልሄድኩም፣ ለሁለተኛዋ ሌሊት ሰርቼ ሳልተኛ 3 ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ልጅቷ ማሽኑን ስትነካ ፊቷን እዩ፣ ከአማካሪም ከኔም በላይ ይነግራችኋል። ቀጠሮ ላይ ደሞ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታርጉት፣ ስለራሱ ሚባለውን መጥፎ ነገር ለእናቱ ተርጉም ማለት ነው፣ አስተርጓሚ ይያዝልኝ በሉ ይይዙላችኋል።

ከ2025 መኸር ጀምሮ ደሞ አንድ የተቀየረ ነገር አለ፣ ለትንሿ ልጄም ሚመለከታት እሱ ነው። ትልቁ ልጄ በሚማርበት ስርዓት እያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው ማርክ ያገኛል፣ በመጀመሪያው ኮርስ የመጣ መጥፎ ማርክ እዛው ይቀራል፣ ለሱ የኦክቶበሩ ነገር ለዛም ነው የከበደው። አሁን አዲስ ለሚጀምሩት ማርኩ ለትምህርት አይነቱ ነው ሚሰጠው፣ ከፍ ያለውን ደረጃ ስታልፍ አዲሱ ማርክ የበፊቱን ይተካዋል። ዘግይቶ ለሚነቃ ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

ልጄ በዚህ ጁን ይጨርሳል። የሙያም ሆነ የናቱር፣ ሁሉም ነጭ ቆብ አርገው ከትምህርት ቤቱ በር እየሮጡ ነው ሚወጡት፣ ወላጅ ደጅ ላይ ቆሞ የልጁን የህጻንነት ፎቶ ትልቅ አርጎ በእንጨት ይዞ ይጠብቃል፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ሪባን ያለው አበባ ያንጠለጥልለታል። እኔ ፎቶውን መርጫለሁ፣ ከአዲስ አበባ ልንወጣ 3 ዓመቱ ላይ እናቴ ግቢ ውስጥ የተነሳው ነው። እናቴ ባለፈው ደውላ «ያ ኤሌክትሪሺያኑ እንዴት ነው፣ እኔም ቤት መብራት ያስቸግረኛል መቼ ነው ሚመጣው» አለችኝ፣ ስትናገር ድምጿን ዝቅ አላረገችም።

የናንተ ጋዜጣ እዚህ በብዙ ሃበሻ ቤት ይነበባል፣ ደብዳቤዬ ረዝሞ ከሆነ ቆርጣችሁም ቢሆን ምርጫው ሳይዘጋ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከስቶክሆልም